ስሙን አልጠራሁም

ያዘዝኩትን ጋቢ ልወስድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሽሮ ሜዳ፣ ሸፊ ሱቅ ስገባ ኢየሩ ባንኮኒው ፊት ቆማ ታለቅሳለች። ኢየሩ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ዛሬ ነርስ ሆናለች፤ የምናመልከውም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ባሏ ሐብታሙ የሸፊን ሚኒባስ ታክሲ ይነዳል። ይነዳ ነበር ማለት ይሻላል፤ ሸፊ ትናንት ቁልፉን ተቀብሎታል።

«ጋሽ ሸፊ፣ እባክዎ ቃሉን እንኳ ይስሙት» ትለዋለች።

«እህቴ፣ ወላሂ ሐብታሙን እወደዋለሁ» አላት ሸፊ። «ግን ጠጥቶ ነው የሚነዳው ተባልኩ። የሰው ነፍስ አሳፍሮ! ስድስት ሰዓት ላይ ሌላ ሹፌር ይመጣል፤ ቁልፉን እሰጠዋለሁ።»

ሰዓቴን አየሁ። አምስት ሰዓት አልፏል።

ሐብታሙ መጠጥ ካቆመ ስምንት ወሩ ነው። በሚያውቃቸው ግሮሰሪዎች በር ላለማለፍ ሲል ማታ ማታ በቁስቋም በኩል ዞሮ ዳገቱን በእግሩ ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ኢየሩ ሸፊ ወደማይሰማበት ጥግ ወስዳኝ፣ እንባዋን እየጠረገች የሆነውን በሹክሹክታ ነገረችኝ። ባለፈው ሳምንት እሑድ፣ በዕረፍት ቀኑ፣ ታክሲዋ ቆማ ሳለች፣ ሁለት ቢራ ጠጣ። ሰኞ ጠዋት ማንም ሳያስገድደው የማክሰኞ ጸሎት ቡድን መሪያችን ወደሆኑት ወደ እትዬ መሠረት ሄደ፤ ወደቅሁ ብሎ አለቀሰ፤ አብረውት እንዲጸልዩ ለመናቸው። ከኢየሩና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ራሳቸው እትዬ መሠረት ለሠርግ የሚሆን ነጠላ ሊመርጡ ገቡ።

«ውይ ልጄ! ምን ሆንሽብኝ? ንገሪኝ፤ እንጸልይበታለን።»

«እባክዎ እትዬ» አለች ኢየሩ፣ «አይጸልዩልን።»

አሮጊቷ ክው አሉ። «ምን አልሽ አንቺ?»

«ሐብታሙ የነገረዎትን ማክሰኞ ለአሥራ አምስት ሰው ነገሩት። ይኸው እንጀራችን ተዘጋ።»

«እኔ የጸሎት ርዕስ ነው ያቀረብኩት! ያውም ስሙን አልጠራሁም።»

«ምን ብለው አቀረቡ?»

«‹አንድ ወንድም አለን፤ የሸፊን ታክሲ የሚነዳ፤ ጠላት በመጠጥ እየፈተነው ነው፤ በጸሎት አስቡት› አልኩ። በቃ። ስም የለበትም።»

ሸፊ በኀዘኑ መሐል ሳቅ አመለጠው። «እትዬ፣ እኔ እኮ ያለችኝ ታክሲ አንድ ናት። ሹፌሯም አንድ ነው።»

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ቁጡ ሰው ነኝ፤ አልክድም፤ የዚያን ቀን ደግሞ የምቆጣበት በቂ ምክንያት ነበረኝ። በየእሑዱ ስለ ፈተና እንሰብካለን። ፈተና በእኛ ስብከት ውስጥ ሁልጊዜ ግሮሰሪ ነው፣ ጫት ቤት ነው፣ ጭፈራ ቤት ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚመጣው ፈተና ማን ሰበከ? የሰው ገመና «ጸልዩለት» በሚል ወረቀት ተጠቅልሎ ሲታደል ማን ተቆጣ?

«እትዬ መሠረት» አልኩ፣ ድምፄ ከሱቁ ውጪ እስኪሰማ፣ «ሐብታሙ በስምንት ወር አንድ ቀን ወደቀ። እርስዎ በየማክሰኞው ይወድቃሉ! እሱ ሲወድቅ አለቀሰ፤ እርስዎ ሲወድቁ ‹አሜን› ይባልልዎታል!»

«መምህር፣ አትጩህብኝ!» አሉ ተቆጥተው። «የወንድምን ሸክም መካፈል ኃጢአት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ በየጓዳው ተደብቀን ስንጸልይ አንዳችን የአንዳችንን ጉድ ሁሉ እናውቅ ነበር። ማንም ተጎዳሁ አላለም። እናንተ የዛሬ ልጆች ናችሁ ‹የግል ጉዳዬ› የምትሉ።»

መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ኢየሩ ቀደመችኝ። ከእኔ ይልቅ ረጋ ያለች ናት፤ ምናልባት ብዙ በሽተኛ ስላስታመመች ይሆናል።

«እትዬ፣ ያኔ የሰማችሁትን ከጓዳው አውጥታችሁ ብታወሩ ምን ይከተል ነበር?»

«እስር ነዋ! የተደበቀው ወንድም ይያዛል።»

«እርስዎ ደብቀው ያውቃሉ?»

«አንድ ወንጌላዊ አርባ ቀን ደብቄያለሁ። እናቴ እንኳ አላወቀችም» አሉ፣ በኩራት ቀና ብለው።

«ታዲያ አርባ ቀን ያን ሰው የጠበቀ አፍ፣ የእኔን ሐብታሙ አንድ ቀን መጠበቅ እንዴት አቃተው? እሱም እኮ ሊደበቅ ነው የመጣው።»

እትዬ መሠረት የያዙትን ነጠላ ቀስ ብለው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። እኔ ግን በድሉ ሰክሬ «እኮ ይመልሱላት!» አልኩ።

ኢየሩ ዞር ብላ አየችኝ። «እርስዎስ መምህር? ዛሬ እኔ ከመንገሬ በፊት ሰምተው ነበር?»

ሰምቼ ነበር። ማክሰኞ እኔ ከጸሎት ቡድኑ ቀርቼ ስለነበር፣ ረቡዕ ማታ ባለቤቴ እዚያ የሰማችውን ስታጫውተኝ ጉርሻዬን ይዤ «የሸፊ ታክሲ? ሐብታሙ ነዋ! ከዚያስ?» ያልኩት እኔ ነኝ። ስሙን የጠራሁት እኔ! ይህንኑ ተናዘዝኩ።

ቀጥለው የተናገሩት እትዬ መሠረት ናቸው። «እውነቱን ልንገራችሁ? ‹አንድ ወንድም አለን› ስል ሁሉም ቀና አሉ። ሁሌ ከጎኔ የምታንቀላፋዋ እንኳ ነቃች። ያን ጊዜ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ደስ አለኝ። እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ፈተና እንዳለ አላውቅም ነበር።»

ወዲያው ወደ ሸፊ ዞሩ። «ስማኝ ሸፊ፤ ሐብታሙ የነገረኝ እሑድ ዕለት—»

«እንደገና?» አለች ኢየሩ። «የእሱን እሱ ይናገር። እርስዎ የራስዎን ይናገሩ።»

አሮጊቷ የጀመሩትን አቋረጡ። ወሬን ከመንገድ መመለስ እንዲህ ከባድ መሆኑን ፊታቸው ላይ አየሁት። «ሳይፈቀድልኝ አወራሁ» አሉ በመጨረሻ። «ጠጥቶ ይነዳል ብሎ ማንም አልነገረኝም። ወሬው ግን የወጣው ከእኔ ነው፤ በየአፉ ሲዞር አብጦ ነው አንተ ዘንድ የደረሰው። እውነቱን ከራሱ ጠይቅ።»

ሸፊ ስልኩን አንሥቶ ወደ ውጪ ወጣ። ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ተመለሰ።

«ምን አለህ?» አሉ እትዬ መሠረት፣ ሳያስቡት።

«የነገረኝን አልነግርዎትም» አለ ሸፊ ፈገግ ብሎ። «ለዚያኛው ሹፌር ግን አትምጣ ብዬዋለሁ። ኢየሩ፣ ሐብታሙ ቁልፉን መጥቶ ይውሰድ።»

ኢየሩ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። በዚያው ቅጽበት የእትዬ መሠረት ስልክ ጠራ፤ ከጸሎት ቡድኑ ሮዳስ ናት። ጆሯቸው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ ሁላችንም ሰማን።

«እትዬ፣ ያ ወንድም ታክሲውን ተቀማ የሚባለው እውነት ነው? ለጸሎት ነው እንጂ…»

ከንፈራቸው ተከፈተ። የሚነግሯት ብዙ ነበራቸው፤ ከማንም በፊት፣ ትኩስ ትኩሱን። ከንፈራቸው ተመልሶ ተገጠመ።

«ጸልዪ ሮዳስ» አሉ። «ለእኔ ጸልዪ። ርዕሱ ምላሴ ነው። ስሜንም ጥሪ።»

ያ ከሆነ ሁለት ወር አለፈው። አሁን በማክሰኞው ጸሎት ሰው የሚያቀርበው የራሱን ጉዳይ ብቻ ነው፤ የሌላውን ጉዳይ የሚያነሣ ባለጉዳዩ ከፈቀደለት ብቻ። የመጀመሪያው ማክሰኞ አስቂኝ ነበር፤ የምንለው ጠፍቶን ስንተያይ ቆየን። ለካ ስንጸልይ የኖርነው በሰው ኃጢአት ኖሯል! ሁለት ሰዎች ቡድኑ ቀዘቀዘ ብለው ወጡ፤ መልካም፣ የሚሞቃቸውን ይፈልጉ። የቀረነው ግን ቀስ በቀስ እርስ በርስ መተማመን ጀመርን። አንዱ የቁጣውን፣ አንዷ የቅናቷን አወጣች። ቤት ስገባ ባለቤቴን «ምን አዲስ ነገር አለ?» ማለት አምሮኝ ስንት ጊዜ ምላሴን እንደነከስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የወደቀ ሰው የሚነሣው ወደቅሁ የሚልበት ቦታ ሲያገኝ ነው፤ ያን ቦታ በወሬ ያፈረስን እኛ ግሮሰሪውን ለመውቀስ ምን አፍ አለን?

ባለፈው ማክሰኞ በሩ ተንኳኳ። ሐብታሙ ነበር፤ ታክሲዋን ደጅ አቁሞ መጥቷል። እትዬ መሠረት ተነሥተው ቦታቸውን ለቀቁለት። እሱ ግን እንደቆመ፣ ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ እንዲህ አለ፦

«አንድ ወንድም አላችሁ፤ የሸፊን ታክሲ የሚነዳ። ስሙ ሐብታሙ ነው። ከጠጣ ስልሳ አምስት ቀኑ ነው።»

ማንም ምንም አልጠየቀውም። ጸለይንለት።