ግማሿን ዋጥኩ፣ ግማሿን ነሰነስኩ

እኩለ ቀን ላይ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ፤ ባጃጅ ነጂው አንዳርጌ የቆሰለ ቀኝ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ከነርሷ ከሲስተር ዘርትሁን ጋር ይከራከራል።

አንዳርጌ፦ ያንኑ ካፕሱል ይድገሙልኝና ልሂድ ነው እኮ የምልዎት።

ሲስተር ዘርትሁን፦ ያንን መቼ ጨረስክና?

አንዳርጌ፦ አራት ናት የቀረችኝ።

ሲስተር ዘርትሁን፦ በሰባት ቀን ጨርስ ብዬ ሃያ አንድ ሰጥቼህ፣ ዛሬ ስንተኛ ቀንህ ነው?

አንዳርጌ፦ አስራ ሰባተኛ። ቆጥቤ ነዋ። በቀን አንድ፤ ግማሿን ዋጥኩ፣ ግማሿን ቁስሉ ላይ ነሰነስኩ። ሰፈሩ ሁሉ እንደዛ ነው የሚያደርገው። በሦስተኛው ቀን እኮ ድኜ ነበር።

ሲስተር ዘርትሁን፦ ትራፊክ ፖሊስ በቀን አንዴ ብቻ ብቅ ቢል ምን ታደርጋላችሁ?

አንዳርጌ፦ ጀማሪው ይያዛል። እኛማ ውስጥ ለውስጥ እንሾልካለን።

ሲስተር ዘርትሁን፦ ጀርሞቹም እንደዛ ነው ያደረጉህ። ትንሽ ትንሽ ስታቀምሳቸው ደካማው ሞተ፣ ጠንካራው ለመደና ተራባ። አሁን ያ ካፕሱል ለነሱ ከረሜላ ነው።

አንዳርጌ፦ ኧረ ሲስተርዬ አያስፈራሩኝ።

ሲስተር ዘርትሁን፦ ጠዋት ስትመጣ የቅላቱን ዳር በእስኪሪብቶ አስምሬልህ ነበር። እየው እስቲ፣ የት ደረሰ?

አንዳርጌ፦ ሁለት ጣት... ሁለት ጣት አልፎታል። ሲያሰምሩ አጣመውት ይሆናል።

ሲስተር ዘርትሁን፦ የምትንቀጠቀጠውስ?

አንዳርጌ፦ ብርድ ነው።

ሲስተር ዘርትሁን፦ ላብ እያጠመቀህ? ሆስፒታል ነው የምትሄደው። ናሙና ወስደው የትኛው መድኃኒት እንደሚገድላቸው ያያሉ፤ በደም ስርህ ይሰጡሃል።

አንዳርጌ፦ ይቆርጡታል አይደል? እውነቱን ይንገሩኝ። ፍሬን የምረግጠው በዚህ እግር ነው፤ እናቴንም የማበላው በዚሁ ነው።

ሲስተር ዘርትሁን፦ አሁን ከደረስክ ሊተርፍ ይችላል። ለነገ ግን አልምልልህም።

አንዳርጌ፦ አምቡላንሱን ይጥሩልኛ።

ሲስተር ዘርትሁን፦ ወላድ ይዞ ሄዷል። ጓደኞችህስ?

አንዳርጌ፦ ገበያ ቀን እኮ ነው፣ አንዱም ስልክ አያነሳም። እኔም ጠዋት በእጅ ፍሬን ነው እየተንፏቀቅኩ የመጣሁት። አሁንማ እግሬን መሬት ማስነካት አልቻልኩም። ሲስተር፣ ሳቄን አይመኑት፤ ፈርቻለሁ።

ሲስተር ዘርትሁን፦ ቁልፉን አምጣ።

አንዳርጌ፦ ባጃጅ ነድተው ያውቃሉ እንዴ?

ሲስተር ዘርትሁን፦ አላውቅም። ከኋላ ግባ።