ሰገነት የጠጣችው ውሃ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የእድራችን ሽማግሌዎች፣ እናቶቼና እህቶቼ፣ ከየዳርቻው ታክሲ እየቀያየራችሁ የመጣችሁ የድሮ ጎረቤቶቼ፤ ለሰገነት ስለቆማችሁላት ፈጣሪ ያክብራችሁ።

ስሜ ሀኒፋ ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ድምፄን ግን የሰማችሁት ጥቂት ናችሁ። ከሰገነት ጋር ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ግቢ፣ በአንድ ግድግዳ ኖረናል። እሷ ልብስ ትሰፋለች፤ እኔ ከጎኗ ክርና አዝራር እሸጣለሁ። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ዘገዬ፣ "ከአንቺ በላይ የሚያውቃት የለም፤ ሁለት ቃል በይ" ሲሉኝ እምቢ ልል ነበር። ያልቻልኩት በአንድ ምክንያት ነው። ከትናንት ጀምሮ ከመካከላችን አንዲት ሴት ባላጠፋችው ጥፋት አንገቷን ደፍታለች። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እናገረዋለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ሰገነት ላውራ፤ ቀኑ የእሷ ነውና።

በእኛ በሙስሊሞች ወግ ሴት ቀብር አትሄድም። እናቴ ስትሞት ቤት ቀረሁ። ባለቤቴን ሲወስዱት እስከ በር ሸኝቼ ተመለስኩ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ መቃብር አፍ ላይ ስቆም ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የተቆፈረ አፈር እንዲህ እንደሚሸት አላውቅም ነበር።

ሰገነት ማን ነበረች? ምላሷ ከመቀሷ የሰላ የአራዳ ልጅ ነበረች። አንድ ትልቅ ሰው ሱሪ ይዘው መጡ። "ልጄ፣ ይኼ ሱሪ ጠቦኛል" አሏት። ሱሪውን አገላብጣ አየችውና፣ "ሱሪውማ እንደነበረ ነው ጋሼ፤ የጨመሩት እርስዎ ነዎት" አለቻቸው። ሰውየው ስቀው ስቀው ሁለተኛ ሱሪ አዘዙ። እኔንስ ትምረኝ ነበር? "ሀኒፋ በዓመት ሦስት ቃል ትናገራለች፤ ሁለቱ 'እሺ' ናቸው" ትላለች፣ ደንበኛ ፊት።

ሰገነት ማን ነበረች? እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። እሷ የእጅጌና የአንገት ልክ ከአሮጌ ጋዜጣ ትቆርጣለች። ቁርጥራጩን እኔ እሰበስባለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ነው። ወሬው ሁልጊዜ መሃሉ ላይ ይቋረጥብኛል። "ሰገነት፣ ቀሪውስ የት አለ?" ስላት፣ "ቀሪው የአቶ እገሌ ብብት ሆኗል፤ ሄደሽ ጠይቂያቸው" ትለኛለች። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ስትቆርጥ ጽሑፉን እየዞረች ነበር የምትቆርጠው። ጨርቅ ሲበላሽባት አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልነገረችኝም።

ሰገነት ማን ነበረች? ክርስቲያን ነበረች። ጎረቤት በሆንን በመጀመሪያው ዓመት የሥጋ ሳምቡሳ ሠርቼ በትኩሱ ወሰድኩላት። ቀኑ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። እኔ ምን አውቄ! ሳህኑን አየችው፤ እኔን አየችኝ። "ሀኒፋዬ፣ ሃምሳ ሁለት ቀን ጾሜ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ልታስገድፊኝ መጣሽ?" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን በማግስቱ አንድ ኪሎ ምስር ይዛ በሬን አንኳኳች። "በይ ይኼን ጠቅልይልኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሁለት ዓይነት ሳምቡሳ ጠብሻለሁ። የሰገነትን ጾም ሁሉ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አላውቅም ነበር፣ ወገኖቼ። አላውቅም ነበር።

ግቢያችን ሲፈርስ እሷ ወደ አንዱ የከተማ ጫፍ፣ እኔ ወደ ሌላው ጫፍ ተዛወርን። የእኔ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ንጹሕ ነው። የሚያንኳኳ ግን የለም። ሰገነት መጀመሪያ የመጣች ዕለት ክፍሎቹን ዞራ አየች፤ ከዚያ ግድግዳውን በቡጢ ደበደበችው። ጆሮዋን ለጥፋ ጠበቀች። "ይኼ ግድግዳ አይመልስም" አለች። ያን ዕለት አልቀለደችም። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ምኒልክ አደባባይ እንገናኝ ነበር። ቆመን፣ ወሬያችንን አውርተን፣ እሷ በዚያ እኔ በዚህ። ከሳምንቱ ሁሉ የማወራው ያን ቀን ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

ሰገነት ስትታመም ታናሽ እህቷ አይናዲስ አፍንጮ በር ወዳለው ቤቷ አመጣቻት። አጠበቻት፤ አገላበጠቻት፤ ሁለት ወር አልጋዋ ሥር ተኛች። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ልጠይቃት ሄድኩ። አይናዲስ፣ "ሀኒፋ፣ መድኃኒት ልገዛ ነው፤ አንድ ጊዜ እያት" ብላኝ ወጣች። ሁለታችን ቀረን። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እኔም ረመዳን ይዤ ጾመኛ ነበርኩ፤ የጥማትን ነገር በራሴ ጉሮሮ አውቀዋለሁ። በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው ጾም የለበትም። እሷም እንደዚያ መሰለኝ። ቀና አደረግኋት። ኩባያውን ከአፏ አስጠጋሁ። ሦስት ጊዜ ተጎነጨች። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ጋደም አለች።

የነፍስ አባቷ ቄስ ገብረዮሐንስ ያን ዕለት ከሰዓት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሊያቆርቧት ቀጠሮ እንደነበራቸው አላወቅሁም። ለቁርባን አሥራ ስምንት ሰዓት ውሃ እንኳ እንደማይቀመስ አላወቅሁም። ሃያ ስድስት ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ ይህን አልጠየቅሁም።

አባ ሲመጡ እዚያው ነበርኩ። "የቀመስሽው ነገር አለ ልጄ?" አሏት። "ጠማኝ አባ፤ ጠጣሁ" አለች። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። አባ ለታመመ ሰው መንገድ እንዳለው ነገሯት። እምቢ ያለችው እሷ ናት። "በወጉ ጾሜ ነገ እቀበላለሁ" አለች። አባ ሲወጡ ገባኝ። "ሰገነት፣ ምን አደረግሁ?" አልኳት። ፈገግ ብላ፣ "ዝም በይ። ዝም ማለትማ ታውቂበታለሽ" አለችኝ።

ነገ አልደረሰላትም። ንጋት ላይ አረፈች።

ትናንት ልቅሶ ቤት ልጇ ማክዳ፣ ቁርባኑ በውሃ ምክንያት መቅረቱን ሰምታ፣ አክስቷን ስትጠይቃት ሁላችሁም ሰምታችኋል። "አክስቴ፣ እናቴ ኩባያ ማንሳት አትችልም ነበር። ማነው ያጠጣት?" አይናዲስ፣ "እኔ አላውቅም ልጄ" አለች። "ቤቱ የማን ነው ታዲያ?" አለች ማክዳ። አዎ፣ አንቺ ኀዘንተኛ ነሽ ማክዳ፤ አልፈርድብሽም። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ግን አይናዲስን አየ። እኔም ከጥግ ተቀምጬ አየኋት። ልናገር አስቤ ነበር። ፈራሁ። ምን ፈራሁ? ከዚህ በኋላ በራችሁ ላይ ቁሜ "እኔ ነኝ፣ ሀኒፋ" ብል፣ "የእናታችንን ቁርባን ያስቀረችው" እንዳትሉኝ ፈራሁ። የቀረኝ ቤት የእናንተ ቤት ነበር።

ማክዳ ልጄ፣ ውሃውን ያጠጣሁት እኔ ነኝ። አክስትሽ አይደለችም። ሳላውቅ ነው፤ ግን እኔ ነኝ። እናትሽ ረስታ ጠጣችው? ወይስ እጄን ላለመመለስ አውቃ? ሌት ተቀን አስቤዋለሁ። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ቁርባኑን አልቀበልም ያለች ሴት አልነበረችም። አምላኳን ፈልጋ ነው የሄደችው። ቀሪውን አባቶች ያውቃሉ። ይቅር ብትይኝ እወዳለሁ። ባትይኝም ነገ መጥቼ ከደጅ እቀመጣለሁ።

አይናዲስ እህቴ፣ አንድ ሙሉ ቀን የእኔን ሸክም አሸክሜሻለሁ። በሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

ሰገነት፣ ስታሚኝ ተቆጥቼ አላውቅም፤ ስትቀልጂብኝም ስቄ አልፌያለሁ። ያዘዝሽኝን ሁሉ ሳደርግ ኖርኩ። ዝም በይ ያልሽኝን ግን ዛሬ አፈረስኩ። አንቺም ብትሆኚ እህትሽን እንዲህ ተጎንብሳ ብታዪያት ዝም አትዪም ነበር። የፊታችን ቅዳሜ አደባባዩ ጋ የምትደርሺ መስሎኝ ልወጣ እችላለሁ። ለመልመድ ጊዜ ይወስድብኛል።

ነይ አይናዲስ። ከኋላ አትቁሚ፤ ወደ ፊት ቅረቢ። ሰዎች፣ አሳልፏት። የመጀመሪያውን አፈር የምታለብሳት እሷ ናት። እኔ ከዚህ ልውረድ።

ደህና ሁኚ፣ ሰገነት።