የጋሽ ሀቢብን ግድግዳ ያጠኑት ተማሪ

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ የተከበራችሁ ሽማግሌዎችና እናቶች፣ ከብልባላ በእግራችሁ፣ ከኩልመስክ በመኪና የደረሳችሁ ወገኖች፣ የመምህራችን ባለቤት ወይዘሮ አመተ ማርያም፤ አብሽሩ። እግዜር ያጽናችሁ። አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ።

ጁወይሪያ እባላለሁ። የመምህር ደግሰው የክፍል ጓደኛ ነኝ። አዎ፣ የክፍል ጓደኛ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሻችሁን እርሳቸው ናቸው ያስተማሩት። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። ስለ መምህሩ እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። እኔ የቆምኩት ስለ ተማሪው ልናገር ነው።

ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ፎቶግራፍ ሊማሩ ተመዘገቡ። አስራ አንድ ነበርን፤ አስራችን ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላንም። የመጀመሪያው ቀን ኮታቸውን ለብሰው፣ እርሳሳቸውን ቀርጸው ሲገቡ አሰልጣኙ መስለውን ብድግ አልን። "ተቀመጡ" አሉንና መጥተው ከመካከላችን ተቀመጡ።

አሰልጣኛችን ሰውአገኝ አንድ የቤት ሥራ ሰጠን። የምትወዱትን አንድ ፎቶ አንሺ ምረጡ፣ ሥራውን አንድ ወር አጥኑ፣ የተማራችሁትን አሳዩን አለ። ሁላችንም ወደ ስልካችን ሮጥን። እኔ የመረጥኩት የውጭ አገር ሰው ነበር። ላሊበላ መጥቶ ያነሳቸው ነጭ የለበሱ ተሳላሚዎች አሉ፤ ዐለቱ ላይ የወደቀው ብርሃን ልብ ይሰርቃል። መምህር ደግሰው ስልኬን ተቀብለው አንዱን ፎቶ ብዙ አዩት።

"እኚህ ሽማግሌ ማን ይባላሉ?" አሉኝ።

የአንሺውን ስም ነገርኳቸው።

"እርሱንስ ሰማሁ። የተነሱት?"

አላወቅሁም። ፎቶው ሥርም አልተጻፈም። እርሳቸው ግን ሰውየውን አልነቀፉትም። "ብርሃኑን እንዴት እንደያዘው ተማሪ፤ ግሩም አድርጎ ይዞታል። ስም አለመጠየቁን ግን አትማሪ" አሉኝ።

እርሳቸውስ ማንን መረጡ? ጋሽ ሀቢብን። ከእናንተ መካከል በጋሽ ሀቢብ ፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶ ያልተነሳ ማን አለ? ለመታወቂያ፣ ለፈተና፣ ለመንጃ ፈቃድ? ግድግዳው ሙሉ ፊት ነው። ምርጫቸውን ሲናገሩ ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እርሳቸው ግን ሄደው ፎቶ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ሀቢብ እዚህ አሉ፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኛል። መጀመሪያ ጠርጥረዋቸው ነበር። ይህ ሰው አጠገቤ ሱቅ ሊከፍት ነው ብለው።

በሦስተኛው ሳምንት መምህር አንድ ነገር ይዘው ወደ ክፍል መጡ። ጋሽ ሀቢብ ሰውን ዝም ብለው አያነሱም። ያስቀምጣሉ፣ ኮሌታ ያቃናሉ፣ ስምህ ማነው፣ የማን ልጅ ነህ፣ አገርህ የት ነው ይላሉ። ሰውየው ሲመልስ ትከሻው ይወርዳል። ያኔ ያነሳሉ። ለምን ብለው ቢጠይቋቸው፣ "ሰው ስሙን ሲናገር ፊቱ ይመለስለታል" አሏቸው። ይህን መምህር ደብተራቸው ላይ ጽፈውት ነበር።

ከዚያ እርሳቸውም እንደዚያው ማንሳት ጀመሩ። ነጭ አንሶላ፣ አንድ ወንበር፣ ፊት ለፊት። ለግምገማ ሲያቀርቡ ሰውአገኝ አልተቀበላቸውም። ይህ የጋሽ ሀቢብ ነው፣ የእርስዎ የታለ አላቸው። ያን ቀን ፊታቸው እንዴት እንደጠቆረ አልረሳም። ትምህርቱን ሊተዉት አስበው ነበር። ደብተራቸውን ይዘው ሊሰናበቱ ጋሽ ሀቢብ ዘንድ ሄዱ።

ጋሽ ሀቢብም፣ "መምህር፣ መጀመሪያ ክፍል የገቡ ዕለት በማን አነጋገር ነበር ያስተማሩት?" አሏቸው።

"በመምህሬ።"

"መቼ ተዉት?"

"እኔ እንጃ። አላስተዋልኩም።"

"እንግዲያው ይሄንንም ሲተዉት አያስተውሉትም።"

በዚያው ሰሞን ነው እማማ ባንቺዓለም ወደ ፎቶ ቤቱ የመጡት። በዚያ በክፉው ዘመን ልጃቸው አዳም ከቤት ርቆ ሞቷል። አንድም ፎቶ የላቸውም። ስምንተኛ ክፍል ለፈተና ጉርድ ፎቶ ተነስቶ ነበር፤ ይኖር ይሆን ብለው ነው። ጋሽ ሀቢብ የድሮውን ኔጋቲቭ አልጣሉም፤ ግን በካርቶን ተደባልቋል፣ ስም የለበትም። እንዴት ይገኛል?

"እኔ እፈልጋለሁ" አሉ መምህር ደግሰው።

ዘጠኝ ቀን ፈለጉ። እያንዳንዱን በመስኮቱ ብርሃን እያዩ። ልጁን አያውቁትም። የሚያውቁት እናቱ የነገሯቸውን ብቻ ነው፤ ግራ ጆሮው እጥፍ ያለ ነው፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። በዘጠነኛው ቀን አራት ልጆች ለይተው አሳጥበው ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። እማማ ባንቺዓለም መጡ። አንዱ ላይ ጣታቸውን አኖሩ። ከዚያ፣ "ሸሚዙ የጎረቤት ነው፤ ተውሰን ነው" አሉ። ፎቶውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ መምህር የሚያነሱት ሁሉ ስም አለው። ከፎቶው ጀርባ የሰውየው ስም፣ የአባቱ ስም፣ መንደሩ፣ ቀኑ፣ በዚያ ቁልጭ ባለ የመምህር ጽሕፈት ይሰፍራል። አንሶላና ወንበራቸውን ይዘው ከመንደር መንደር ዞሩ። አሳጥበው ለባለቤቱ ይሰጣሉ፣ አንዱን ያስቀምጣሉ። ለመመረቂያችን ሲደረድሩት ሰውአገኝ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አይቶ፣ "አሁን እርስዎን አየሁ" አላቸው። እርሳቸው ግን ከፎቶዎቹ ሁሉ አናት ላይ "ከሀቢብ የተማርኩት" ብለው ጽፈውበታል።

የዛሬ አስራ ሁለት ቀን አብረን ብልባላ ሄድን። ዳገቱ ላይ ደጋግመው አረፉ። ደክመው ነው ብዬ ነበር፤ ልባቸው እንደሆነ እኔ ምን አውቄ። ከገበያ የምትመለስ ሰርክአዲስ የምትባል ሴት አንሱኝ አለችን። ካሜራውን ለእኔ ሰጡኝ። አነሳኋት። ብርሃኑ ከጎን ነበር፤ ያማረ ፎቶ ወጣኝ። አሳየኋቸው። እንዴት ነው አልኳቸው።

"ሸክሟን አላወረድሽላትም" አሉኝ።

እውነት ነው። እንስራው ከነገመዱ ጀርባዋ ላይ ነበር። ተመለስኩ። አወረድኩላት፤ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። እንደገና አነሳኋት። የመጀመሪያው ያምራል። ሁለተኛው እርሷን ይመስላል።

ባለፈው ማክሰኞ ልባቸው ቆመ።

መምህር ደግሰው፣ እርስዎ በስተርጅና ተማሪ ለመሆን አላፈሩም። ከሌላው መማር ስርቆት ነው ሲሉዎት አልደበቁም፤ የመምህርዎን ስም ከላይ ጻፉ። ምን ያህላችን ይህን እንችላለን?

ተማሪዎችዎ ሲናገሩ ሰማሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ "ጥያቄ ያለው?" ሳይሉ ከክፍል ወጥተው አያውቁም አሉ።

ማክሰኞ ዕለት ሳይጠይቁን ወጡ። እኔ ጥያቄ ነበረኝ።

ደህና ይሁኑ፣ መምህር።