ብየዳ የማይወደው ቺፕ

ጽናት መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ውርጩ ነበር። ዘንድሮ ገብሱን አልመታባቸውም ወይ፣ በጎቹስ ደህና ወለዱ ወይ፣ የሸጡት ጠጉር ዋጋ አወጣ ወይ እያለች፣ እትዬ ወለተ ኢየሱስን በጌም ቤቷ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሴትየዋ ከመሐል ሜዳ ገበያ ሲመለሱ እግራቸውን ሊያሳርፉ ጎራ ያሉ ናቸው። ደግሞም የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ የአወቀ አክስት ናቸው፤ እናት አባት የሌለውን ልጅ አሳድገው ለባለሙያነት ያበቁት እሳቸው ናቸው። አወቀም እዚያው ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ የጽናትን ፕሌይስቴሽን ፈታቶ ጎንበስ ብሏል።

ማሽኑ የተቀዳ ሲዲ አያነብም ነበር። እዚህ አገር ደግሞ ከተቀዳ በቀር ሌላ ሲዲ ከየት ይመጣል? ስለዚህ አወቀ ባለፈው ሳምንት የተቀዳውን የሚያስነብብ ቺፕ ገጠመለት። ቺፑ እንደ ሌላው በመበየጃ የሚጣበቅ አይደለም፤ ጥቃቅን እግሮቹን ሰሌዳው ላይ አሳርፎ፣ ክዳኑ ሲጫነው ብቻ የሚይዝ ነው። ሦስት ቀን ሠርቶ ዛሬ ጠዋት ድርግም አለ። ቀዩ መብራት ይበራል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ከጥቁረት በቀር ምንም የለም።

ጽናትን ያሳሰባት ግን ማሽኑ አልነበረም። ትናንት አባቷ ጠርተዋት፣ አንድ የሞላሌ አስተማሪ እሑድ ሽማግሌ እንደሚልክ ነገሯት፤ ሌላ ያሰብሽው ካለ እስከዚያ ተናገሪ አሏት። ያሰበችውማ ነበር። ሽማግሌ እልካለሁ እያለ፣ መጀመሪያ ሱቁን፣ ቀጥሎ ፆሙን፣ ቀጥሎ ክረምቱን እያመካኘ ሁለት ዓመት የገፋው ያው መስኮት ሥር የተጎነበሰው ነው። ላክ ብላ በግልጽ መለመን ለእሷ ሞቷ ነው። ስለዚህ ፊቷን ወደ አክስቱ አዙራ ስለ ቺፑ ማውራት ጀመረች።

«እትዬ፣ የዘመኑን ጥበብ አይተዋል?» አለች ድምጿን አለስልሳ። «ድሮ አንድ ነገር ከሌላው ጋር ይኑር ከተባለ ይበየዳል፤ በቃ፣ አንድ ይሆናል። የአሁኑ ብየዳ አይወድም። ጠጋ ይላል… ይነካል… ግን አይጣበቅም። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ ካልተስማማ ምልክት ሳይተው ይነቀላል ተባልኩ። ይህን ያሰበ ሰው አይመሰገንም?»

የአወቀ ካቻቢቴ ቆም አለ። ከዚያ ቺፑን አንስቶ እግሮቹን አልኮል በነካ ጥጥ ይጠርግ ጀመር። እትዬ ወለተ ኢየሱስ ከተከናነቡት የበግ ጠጉር ባና ውስጥ ብቅ ብለው የወንድማቸውን ልጅ ሰረቅ አድርገው አዩት።

ጽናት ቀጠለች። አንድ የምታውቀው ሰው አለ፤ ስሙ ምን ያደርጋል። እንደሱ ያለ ጨዋ አይታ አታውቅም። ቸኩሎ ያጠፋው ነገር የለም፤ ቸኩሎ የሠራውም የለም። የሰው በር አያንኳኳም፣ የማንንም አባት አያስቸግርም፣ ሽማግሌዎችን በዚህ ብርድ አያንከራትትም። ለሽማግሌ ጉልበት እንዲህ የሚያዝን ዛሬ ስንት ሰው አለ?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ» አለች። «እውነት ነው። ሁለት ዓመት የታቀፉት እንቁላል ግን… በእግሩ ነው የሚሄደው ወይስ በጠረኑ?»

አክስትየው ሳቃቸውን በባናቸው ጫፍ ሸፈኑት። የአወቀ ጆሮ ቀላ። ቴስተሩን አንስቶ የቺፑን እግሮች አንድ በአንድ ሲለካ፣ አንደኛዋ ከቦታዋ የፀጉር ያህል ፈቀቅ ብላ አገኛት። ሲጫኑት ይነካል፣ ሲለቁት ይለቃል ብሎ ለራሱ ሲያጉተመትም ጽናት ሰማችው።

«ይኸው፣ ሲጫኑት ብቻ ነው አሉ የሚሠራው» አለች ለአክስትየው። «እኔ ምስኪኗ ደግሞ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ጠዋቱን ሙሉ ስቀሰቅሰው። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም… የማንንም ስም መጥራቴ አይደለም፤ ተረቱ ነው እንዲህ የሚል።»

ይኼኔ አወቀ ራሱ ፈገግ አለ። ፈገግታውን ስታይ ልቧ ሊከዳት ቃጣው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ መልስ ስትቀበለው የኖረችው ይህንኑ ፈገግታ ነበር።

አወቀ ቺፑን አስተካክሎ አስቀመጠ፤ እንዲጫነውም ከክዳኑ ሥር ተቆርጦ የተዘጋጀ ቀጭን ስፖንጅ አደረገና ዘግቶ አበራው። የኳስ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ። ደጅ ሲጠብቁ የነበሩት ተማሪዎች ግር ብለው ገቡ። እሱም ዕቃውን በቦርሳው ከተተና፣ ከእንግዲህ ምንም አይሆንም፣ ከሆነም ጥሪኝ ብሏት ወደ በሩ ሄደ።

ጽናት አክስቱን ደግፋ አስነሳቻቸው፤ ባዶ ስልቻቸውን አቀበለቻቸው። ከዚያ በሩ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ መረቀች።

«ለዚያ ለነገርኩዎ ጨዋ ሰው እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እጁን ይባርክለት። እሑድ ከሞላሌ የሚመጡት ሽማግሌዎች አባቴን እሺ ካሰኙ ደግሞ… በሠርጌ ዕለት ድምፅ ማጉያውን ለማስተካከል እሱን ያብቃልኝ።»

እትዬ ወለተ ኢየሱስ አሜን ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። አወቀ አንድ እግሩን ከደጃፉ አውጥቶ፣ ሌላውን ሳያነሳ ቆሞ ቀረ።