ሐምሲን ሳይገባ ይውጣላቸው

እኔ ዓለምሰገድ በጅቡቲ ወደብ የትራንዚት ጸሐፊ ነኝ። ቁጡ ነህ ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ይህን ሰምቶ የማይቆጣ ሰው ካለ ግን እሱ ይታከም።

በፈረንጆቹ 2011፣ በሚያዝያ ወር፣ ከባልባላ ወደ ከተማ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ወይዘሮ አሰፋሽን አገኘኋቸው። የባቡር ሠራተኛ የነበሩት የአቶ ከበበው ባለቤት ናቸው። ጭናቸው ላይ የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ጥበብ በነጠላ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ነጠላው ገለጥ ሲል ፊቷ ውሃ ባቋጠረ ጉድፍ ተሞልቷል።

«ወደ ሐኪም ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ ምን ሐኪም! ካርቲየ 5 ሰፈር ልጄ ቤት ነው እንጂ። ከሦስቱ ልጆቿ ጋር አንድ አልጋ ላይ አስተኛታለሁ። ሐምሲን ሳይገባ ለሁሉም ይውጣላቸው። በዚያ እሳት ነፋስ ሲያኩ ከሚከርሙ አሁን ቢገላገሉት አይሻልም?»

የተማርኩት ሰውዬ ምን አልኩ? «እግዜር ይማራት» ብዬ ዝም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከፊታችን የተቀመጠች ወጣት ዞር አለች። ሰብሪና ናት፤ የጎረቤታችን የነጅሙዲን ልጅ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ። መጀመሪያ መስኮቶቹን ሁሉ አስከፈተች።

«እማማ አሰፋሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በሽታ እንደ ዳቦ ይታደላል እንዴ?»

«ሁላችንም እንዲሁ ነው ያደግነው ልጄ። አንዴ ወጥቶ ይለቃል፣ አለቀ!»

«አይለቅም እማማ። ሽፍታው ይጠፋል እንጂ ተሕዋሲው ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። አምና ወገብዎን የያዘዎት ምን ነበር?»

የወይዘሮ አሰፋሽ እጅ ወደ ጎናቸው ሄደ። «አልማዝ ባለጭራ። ስሟን አታስጠሪኝ! ጭራዋ ከራሷ ከገጠመ ትገድላለች ብለው ዙሪያዬን በቀለም አሰመሩብኝ። እስከ ዛሬ ቀሚስ ሲነካኝ እሳት ነው።»

«እሷ እኮ ያቺው የልጅነት ጉድፍዎ ናት። ስንት ዘመን ተኝታ ሰውነትዎ ሲደክም ተነሣች። በሦስት ቀን ውስጥ ቢመጡልን የሚያበርዳት መድኃኒት ነበር። ቀለም ቀብተው አስቀመጡዎት! አሁን ደግሞ ያንን ዘር ለሦስት ሕፃናት ሊያወርሱ ነው?»

አሮጊቷ ደነገጡ፤ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«የማይቀር ከሆነስ?»

«ክትባት አለው፤ እዚህ በየጤና ጣቢያው አናገኘውም እንጂ። ባናገኘውስ እኛው እንዝራው? ለመሆኑ እዚያ ቤት ልጆቹን የሚያጥበው ማነው?»

«መነን ናታ፣ ሠራተኛዋ።»

«እርጉዝ አይደለችም እንዴ?»

«አምስት ወሯ ነው። እሷ ትልቅ ሰው፣ ምን ትሆናለች?»

«ትልቅ ሰው ላይ እኮ ነው የሚከፋው! በልጅነቷ ካልያዛት ሳንባዋን ሊመታት ይችላል። ለፅንሱም አደጋ ነው።»

ወይ ጉድ! የታመመውን አጣቢ እሷ፣ አንሶላ ቀያሪ እሷ፤ ስለ ሕመሙ ሲመከር ግን መነን ሰው ሆና አልተቆጠረችም። እኔስ ብሆን? ባሏ እሸቴ ወደብ ላይ በየሳምንቱ ሰላም የምለው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አንዴም ትዝ አላለችኝም! ንዴቴ ከአሮጊቷ አልፎ ወደ ራሴ ዞረ።

ካርቲየ 5 ስንወርድ መነን ልጅቷን ልትቀበል መንገድ ዳር ቆማ ነበር። «ነይ የኔ ቆንጆ» እያለች እጆቿን ዘረጋች።

«አትንኪያት!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ አሰፋሽ። ጥበብን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ወደ ኋላ ሸሹ።

መነን ክው አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ምን አጠፋሁ እትዬ?»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እኔ ነኝ እንጂ...» የጥበብን ፊት በነጠላው መልሰው ሸፈኑ። «ልጄ፣ በልጅነትሽ ጉድፍ ወጥቶብሽ ያውቃል?»

«እኔንጃ እትዬ። ጠይቆኝ የሚያውቅም የለም።»

ሰብሪና እዚያው መንገድ ላይ ሥራ አከፋፈለችን። አያትየው ጥበብን ይዘው ወደ ባልባላ ይመለሱ፤ ቁስሉ ሁሉ ደርቆ ቅርፊት እስኪይዝ ከሰው ይለዩአት፤ ጥፍሯን ይቁረጡ፣ ገላዋን በንጹሕ ውሃ ይጠቡ። ፋርማሲስቱን ሳያማክሩ ለትኩሳቷ ምንም እንዳይሰጡ፣ አስፕሪንማ ጉድፍ ለያዘው ልጅ አደጋ ነውና በጭራሽ! መነንን ለአዋላጇ የምታደርሳት ራሷ ሰብሪና ናት፤ ሐኪሙ ደሟን ያስመረምራል። እሸቴን የምነግረው እኔ ነኝ። አንድም ሥራ ያልደረሰው ሰው አልነበረም።

የምርመራው ውጤት መጣ። መነን ጉድፍ ይዟት አያውቅም። ያን ቀን እነዚያን ቁስሎች ልታጥብ፣ ያቺን ልጅ አቅፋ ልታስተኛ የቀራት አንድ ክንድ ብቻ ነበር።

በነሐሴ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሦስቱ ሕፃናትም በዚያ ዓመት ጉድፍ ሳያውቁ ከረሙ። ነርስ ብቻዋን፣ ሐኪም ብቻውን ይህን አያደርጉትም ነበር፤ ያወቀው ሲናገር፣ የሰማው ሥራውን ሲሠራ ነው ሰው የሚተርፈው። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር ብቻ እንደማይበቃ እኔ ምስክር ነኝ።

ወይዘሮ አሰፋሽ አሁን ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹን ሰብስበው ይቆጣሉ። «ልጅ ጉድፍ ሲወጣበት ለይታችሁ አስተኙት» ይላሉ፤ «ከዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ጠይቁ። ከሠራተኛዋ ጀምሩ!»