አየር የሚያስገባው የእድር ሸራ

እሑድ የኡርጂ ሠርግ ነው፤ አምቦ ላይ ደግሞ የግንቦት ዝናብ ጀምሯል። እናቷ ጉዴ ድግሱ የሚጣልበትን የእድር ሸራ ልታሰጣ ከጎረቤቷ ከፋንቱ ጋር ሜዳ ወጣች። ከአፋር የመንገድ ሥራ የተመለሱት የእድሩ ንብረት ጠባቂ አሥር እርምጃ ራቅ ብለው ካስማ ይቆጥራሉ። የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸውና ፊት ለፊት መናገር ነውር ነው። ለፋንቱ ማውራት ግን ማን ከለከለ?

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ፋንቱዬ? ልጆቹ ደህና? በቆሎው በቀለላችሁ? ዘንድሮ ዝናቡ አልሰሰተም፣ ተመስገን… እስቲ ያንን ጫፍ ያዥልኝ። ቀስ! እጅሽ በመስኮቱ እንዳይሾልክ…

ምነው ደነገጥሽ? ሸራ መስኮት ሲወጣለት አላየሽም? አፋር በረሃ አልኖርሽማ! እዚያ ነፋሱ ድንኳን ይዞ ይሄዳል አሉ። ስለዚህ ዐዋቂ ሰው አናቱን ቀደድ፣ ገመዱን ላላ ያደርገዋል። በመንገድ ሥራ ካምፕ ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ ያላሳለፈ ሰው አለ እኮ… ያው እዚያ ባይዘንብም። ሙያ በልብ ነው ይላሉ፤ የአንዳንዱ ግን በመቀሱ ነው።

ባለፈው የጎረቤታችን የኤቢሳ አባት ለቅሶ በዚሁ ሸራ ሥር እንደዚያ ያማረው በማን ሆነና? ሟቹን የማያውቀው እንኳ ጉንጩ ሳይረጥብ ወጣ? ቄሱ እንኳ፣ ዕድሜ ልካቸውን ጸበል ሲረጩ ኖረው፣ ያን ቀን ተራቸው ደርሶ ተረጩ። የላላው ሸራ ሆዱ ላይ ያቆረው ውሃማ ከብት ያጠጣ ነበር!»

ከወዲያ የካስማው ቆጠራ ቆመ። ጉዴ ደስ አላት፤ ድምፅዋንም ትንሽ ከፍ አደረገች።

«ሰው ግን ምቀኛ ነው። ‹ቀድሞ ነበር እንጂ ደመናውን ማየት፣ አሁን ምን ያደርጋል መቀስ ይዞ…› ይላል። እኔ እንዲያ አልልም። መርፌ፣ ሙጫና የሸራ ቁራጭ ይዤ መጥቻለሁ… ለማንም አይደለም፣ እንዲያው እዚህ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የኔ ኡርጂ ቬሎዋ ቢርስስ ምን አለበት? የሰው ሙሽራ በመኪና ትገባለች፣ የኔዋ በዋና ብትገባ ነውር ነው?

ብቻ ለደከሙልን ሰው እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። ሴት ልጆቻቸውም ደርሰዋል። ሁሉንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃላቸው፤ ሁሉንም በዚሁ በገዛ እጃቸው ባበጁት ሸራ ሥር ይዳሩልን። ሰማዩም ያን ቀን በረከቱን አይንፈጋቸው!»