«አልቋል በይው»

ከሥራ ሰሌዳው ላይ አንዲት አረንጓዴ ምልክት ያለ ቦታዋ ገብታ ነበር። ገዛላ ያየቻት ግን ልጅቷ ከወደቀች በኋላ ነው።

ሰሌዳው በስልክና በኮምፒውተር የሚከፈት የሥራ መከታተያ ፕሮግራም ነው። ገዛላ የምትሠራበት ድርጅት በፓኪስታን፣ በሲያልኮት ከተማ፣ የሚሠራውን የሴት ልጆች ትምህርት ቤት፣ ከመሠረቱ እስከ መስኮቱ፣ በዚያ ይከታተለዋል። የተጀመረው ቢጫ፣ ያለቀው አረንጓዴ ይሆናል። «የደረጃው መደገፊያ» በሚለው ፊት አረንጓዴውን ያኖረችው ገዛላ ናት። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ያንን አይተው ደረጃውን ከፈቱ፤ መደገፊያው ግን ገና ከበያጁ ቤት አልወጣም ነበር። የስምንት ዓመቷ ሚስባህ ከጓደኞቿ ጋር እየሮጠች ስትወርድ እጇን ለመደገፍ ብትዘረጋ ባዶ አየር ጨበጠች።

ገዛላ ልጆቿ ከትምህርት ቤት ጥቂት ከዘገዩ መኪና ገጭቷቸዋል ብላ ጫማዋን የምትፈልግ እናት ናት። ክፉ ክፉው ሁሉ ቀድሞ የሚታያት ሴት ያን ቀን ብቻ ሳትጠረጥር ቀረች። ኡስታድ ሸራፈትን፣ የሠራተኞቹን አለቃ፣ በስልክ «መደገፊያው ተተከለ?» ብላ ብትጠይቃቸው «አልቋል በይው ልጄ!» አሏት።

በዚያ አገር ይህን ቃል የማይል ባለሙያ የለም። ልብስ ሰፊው ጨርቁን ሳይቆርጥ፣ ድንኳን ተካዩ ካስማውን ሳይጭን ይለዋል። «አላለቀም፤ ግን አላሳፍርሽም» ማለት ነው፤ ሰሚውም እንዲያው ነው የሚረዳው። ሰሌዳው ግን ይህን አያውቅም። በቢጫውና በአረንጓዴው መካከል ለይሉኝታ የሚሆን ቦታ አልነበረውም።

አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ገዛላ ሚስባህን ጠይቃ ከሆስፒታሉ ስትወጣ ኡስታድን ከበሩ ላይ አገኘቻቸው። ብርቱካን በፌስታል ይዘው ከዘበኛው አጠገብ ቆመዋል።

«አሰላሙ አለይኩም ኡስታድ። ምነው ውጭ ቆሙ?»

«ወአለይኩም ሰላም። ትናንትም እዚሁ ደርሼ ተመለስኩ። አባትየው አለ?»

«አሉ።»

«ምን ይላል?»

ገዛላ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «እግሯ እንደ ድሮው አይሆንም ተብለዋል። ‹እሷም እህቶቿም ከእንግዲህ ቤታቸው ይቀመጣሉ፤ ትምህርቱ ይቅርብን› አሉ።»

ሽማግሌው ፌስታሉን ለዘበኛው ሰጥተው፣ «ለልጅቷ አድርስልኝ። ከማን ነው ካሉህ አላውቅም በል» አሉት።

ገዛላን ያመጣት ወጣቱ መሐንዲስ ሐሪስ መኪናውን አስጠግቶ በሩን ከፈተላቸው። «ይግቡ ኡስታድ፤ ወደ ትምህርት ቤቱ ነን። ሁለተኛው ደረጃ ነገ ጠዋት ይከፈታል። አዲሱን የሰሌዳ ማሻሻያም በመንገድ ላይ አስረዳዎታለሁ።»

«ያንን ስልክህን ከፊቴ አርቅልኝ፣ ኢንጂነር ሳሂብ! ሠራተኞቼ ነግረውኛል። ፎቶ አንሱ፣ ሌላ ሰው አይቶ ያረጋግጥ ይላል አሉ። ይኼ ሸራፈት ውሸታም ነው ማለት አይደለም?»

«ኧረ ማን ይደፍራል!»

«ስልክህ ደፈረ! እኔ ቃሌን ሰጥቼ ነው ያረጀሁት። እኔ እንቢ ካልኩ አንድም ሠራተኛ እንደማይነካው ታውቃለህ።»

መኪናው ተነሥቷል፤ ገዛላ ከኋላ ወንበር ሆና ነገን ታስባለች። ነገ ጠዋት በዚያ ደረጃ ስንት ሴት ልጆች ተጋፍተው ይወጣሉ! ኡስታድ ዛሬ እንቢ ካሉ ደረጃው የሚከፈተው እንደ በፊቱ በአንድ ሰው አፍ ነው።

ሐሪስ ፈገግ አለ። «ኡስታድ፣ ልጅዎን ሲድሩ የሙሽራው ወገን ‹ሙሽራው መጥቷል በሉት› ቢልዎት ኒካሁን ያስሩ ነበር?»

«አንተ ባለጌ!» አሉና ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ። «እንኳን ኒካህ፣ ሩዙንም አላወጣላቸውም።»

«ሙሽራው ከመጣስ በኋላ ያለ ምስክር ያስራሉ?»

«ሁለት ምስክር ግድ ነው።»

«ታዲያ ምስክር የጠራ ሁሉ ሙሽራውን ውሸታም ብሏል?»

የተማረ ወጣት ሽማግሌን በመጽሐፍ ሊረታ ሲሞክር መንገዱ ይረዝማል፤ በሽማግሌው በራሱ ሥርዓት ከገባ ግን በሩ ቅርብ ነው።

«ማንበብ አልችልም» አሉ ኡስታድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ድምፅ ይቀበላል። በራስዎ ቋንቋ ይናገሩታል። በቢጫውና በአረንጓዴው መካከልም አሁን ‹ይታይ› የሚል አለ። ሁለተኛ ሰው አይቶ እስኪመሰክር ድረስ አረንጓዴ አይሆንም፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሥራም አይከፈትም። ‹አላለቀም› ያለ ሰው ደግሞ አይወቀስም፤ ምክንያቱን መናገር ብቻ ነው።»

«‹አላለቀም› ማለት ለእኛ ነውር ነው፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ ገዛላ ተናገረች። «ኡስታድ፣ እኔም እኮ ነውር ብዬ ነው ደግሜ ያልጠየቅኩዎት። እርስዎ እኔን አከበሩ፣ እኔ እርስዎን አከበርኩ፤ በመካከላችን ልጅቷ ወደቀች።»



ትምህርት ቤቱ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሠራተኞቹ ሄደዋል። በአዲሱ ደረጃ ላይ መደገፊያው ቀለም ተቀብቶ ያበራል። ላየው ሁሉ ያለቀ ነው። ኡስታድ በሁለት እጃቸው ይዘው ገፉት፤ አንድ ደረጃ ወርደው ደግመው ገፉት። ከታች ያለው ምሰሶ ከእግሩ ተነቃነቀ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሐሪስ ዘረጉ።

«አምጣው ያን ስልክ። የት ነው የምናገረው?»

«እዚህ ጋ።»

«ሸራፈት ነኝ» አሉ ጮክ ብለው፣ ከሩቅ ሰው ጋር እንደሚነጋገሩ። «የሁለተኛው ደረጃ መደገፊያ... አላለቀም። የታችኛው ምሰሶ ይነቃነቃል፤ ሲሚንቶው አልደረቀም። ነገ ልጅ አይውጣበት።»

ወዲያው የርዕሰ መምህርቷ ስልክ ላይ ደረጃው እንደማይከፈት ተገለጠ። ማንም አልተጣላም፤ ማንም ፊት ለፊት አላፈረም። ነገ ልጆቹ በምድር ቤት ይማራሉ፤ በያጁም በጠዋት ይመጣል። የማሻሻያው ጥቅም ይኸው ነው፤ ሰው ከጓደኛው ፊት ሊያወጣው የሚከብደውን እውነት ጉዳት ሳይደርስ ያወጣዋል።

«ይኼን ያህል ቀላል ነበር?» አሉ ኡስታድ። ገዛላ ሚስባህን አሰበች፤ የሚስባህን ታናናሽ እህቶችም አሰበች። ለእነሱ ይህ ሁሉ ዘግይቷል።

ሽማግሌው ወደ ደረጃው የሚያስገባውን በር ሳቡና ቁልፉን ሁለቴ አዞሩ። እጀታውን ጎትተው ሞከሩት። ከዚያ ገለል ብለው ለገዛላ ቦታ ለቀቁላት።

«አንቺም ጎትቺው።»

ጎተተችው። ተቆልፏል።